ስክራብል ላይ የሚያስደነግጥ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ያላችሁ?

የቦሌው፦
ሰላም ወገን። የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከአሜሪካ መጥታ እኛ ጋ ነው ያረፈችው። ማታ ማታ ስክራብል እንጫወታለን፣ ያ እያንዳንዳቸው ነጥብ ያላቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ፣ ይዛው የመጣችውም እሷ ናት። ገና 14 ዓመቷ ነው፣ ግን በየማታው ልኬን ታሳየኛለች። እኔ ድመትና ውሻ ስጽፍ እሷ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ትደረድርና ትርጉሙን ስጠይቃት «መዝገበ ቃላት እይ» ትለኛለች። ትናንት እናቴ ሳትቀር ሳቀችብኝ። እስቲ አንድ ረጅም ቃል ከነትርጉሙ ስጡኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እጇን ባፏ ላስጭናት።

ፊደልተኛ፦
ወንድሜ፣ ረጅምማ ሞልቷል። «ፍሎክሲኖሲኒሂሊፒሊፊኬሽን» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 29 ፊደል ነው፣ አንድን ነገር እርባና የለውም ብሎ መናቅ ማለት ነው። ለመናቅ ይሄ ሁሉ ድካም! «አንቲዲስኤስታብሊሽመንታሪያኒዝም» ደግሞ 28 ነው፤ እንግሊዝ አገር ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ይለያዩ ሲባል አይለያዩም ያሉት ሰዎች አቋም ነው። የባሰው «ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ» ነው፣ 45 ፊደል። የእሳተ ገሞራ ብናኝ ሲተነፍሱት የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ነው ይባላል፣ ሐኪሞች ግን «ሲሊኮሲስ» ብለው ይገላገላሉ። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ የእንቆቅልሽ ወዳጆች መሀል የተፈጠረ ነው፣ እንዲረዝም ብቻ ተብሎ።

ሰብለ፦
ፊደልተኛ፣ ሰውየውን ገደል ልትከተው ነው እንዴ? ሰሌዳው እኮ በወርድም በቁመትም 15 ቤት ብቻ ነው። የቀረው ፊደል ጠረጴዛው ላይ ሊቀጥል ነው? በእጅህ የሚኖረውም 7 ፊደል ነው። ሰባቱንም ባንዴ ካወረድክ 50 ነጥብ ምርቃት አለ፣ ልጅቷ የምትበላህ በዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ባለ 7 ፊደሎቹን አጥና። ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ከደረሱህ ደስ ይበልህ፣ ከነሱ ብዙ ቃል ይወጣል። «ሪቴይንስ» ይዞ ያቆያል ነው፣ «ናስቲየር» የባሰ አስቀያሚ፣ «ሬትሲና» ደግሞ የጥድ ሙጫ የገባበት የግሪክ ወይን። ኪው ደርሶህ ዩ ካጣህም አታልቅስ። ኪውና አይ ጻፍ፣ «ቺ» ይባላል፣ ቻይናዎች የሕይወት ኃይል የሚሉት። በሁለት ፊደል 11 ነጥብ።

አባ ዝምታ፦
ሰብለ ልክ ናት፣ ግን ሰውየው ረጅም ካማረው አንድ አለ። «አንኮፒራይተብል»። የቅጂ መብት ሊወጣለት የማይችል ማለት ነው፣ ልክ 15 ፊደል ነው፣ አንድም ፊደል አይደገምበትም። በጠርዙ ወይም በመሀለኛው መስመር ላይ «ኮፒራይት» ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ተጽፎ ካገኘህ ከፊቱ 2 ከኋላው 4 ፊደል ትጨምራለህ። ሁለቱም ጫፎች የቃሉን ነጥብ በሦስት የሚያባዙ ቀይ ቤቶች ስለሆኑ ሒሳቡ በ9 ይባዛል፣ ከ250 ነጥብ በላይ ነው። እኔ እስካሁን ገጥሞኝ አያውቅም፣ በሕልሜ ካልሆነ።

የቦሌው፦
ተባረኩ። ትናንት ማታ «ቺ»ን ጻፍኩላት። ዝም ብላ አየችኝና «አጎቴ፣ ትርጉሙን ታውቀዋለህ?» አለች። «መዝገበ ቃላት እይ» አልኳት። በ60 ነጥብ አሸነፈችኝ፣ ግን እናቴ በዚያ ማታ የሳቀችው በሷ ነው።