ከእንግሊዝኛ ሌላ የትኛው ዓለም አቀፍ ቋንቋ ይቀለኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። እንግሊዝኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬ ዛሬም ሁለት ደቂቃ ካወራሁ ቃል ያልቅብኛል። አሁን በቀን አንድ ሰዓት መድቤ ሌላ ቋንቋ ልጀምር ነው። አንዱ ጓደኛዬ ኤስፔራንቶ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ከሁሉም ይቀላል አለኝ። ሌላው ደግሞ አሜሪካኖች የትኛው ቋንቋ በስንት ሰዓት ትምህርት እንደሚለመድ ያወጡትን ሠንጠረዥ አይቶ አረብኛና ቻይንኛን እንዳትነካ አለኝ። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ኤስፔራንቶ የተማረ፦ ስለ ቅለቱ ጓደኛህ ልክ ነው። ፈጣሪው ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ሲያሳትመው ሰዋስዉን በ16 ደንቦች ነው የጨረሰው። «ሚ ኢራስ» እሄዳለሁ፣ «ሚ ኢሪስ» ሄድኩ፣ «ሚ ኢሮስ» ወደፊት እሄዳለሁ። «ቦና» ጥሩ ነው፣ «ማልቦና» መጥፎ። ከደንብ የሚወጣ ግስ የለም። ቃላቱ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጡ ስለሆኑ ለእኛ ብዙው አዲስ ነው። ደግሞ የማወራው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሱቅህ መጥቶ በኤስፔራንቶ ዋጋ የሚጠይቅህ አታገኝም።

ከጅዳ፦ ወንድሜ፣ ያ ሠንጠረዥ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ዲፕሎማቶች የተሰላ ነው! አረብኛና ቻይንኛ 2200 ሰዓት ገደማ ይላል፣ አማርኛን ራሱን 1100 ገደማ። ስለዚህ አንተን አይመለከትህም። እኔ ስመጣ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፤ ግን ቤት «በይት»፣ ስም «ኢስም»፣ ነፍስ ያው «ነፍስ»፣ ሰባት «ሰብዓ» ሲሆን ጆሮዬ ቶሎ ለመደው፤ ዓመት ሳይሞላኝ ገበያ ወጥቼ ዋጋ እከራከር ነበር። ያስቸገረኝ የጉሮሮው ድምፅ ነው። እኛ ሀ እና ሐን ለይተን እንጽፋለን እንጂ ስንናገር አንድ ናቸው፣ እነሱ ግን ይለያሉ። ትግርኛ የምትናገር ጓደኛዬ በዚህ አልተቸገረችም። ማንበቡ ላይ ግን አሁንም እየታገልኩ ነው፣ ምክንያቱም የመጽሐፉና የመንገዱ አረብኛ ለየቅል ናቸው፣ አጭር አናባቢም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም።

ዱከም፣ ፋብሪካ ውስጥ የማስተረጉም፦ ቻይንኛ ግሱ በጊዜ አይለዋወጥም። «ትናንት» ካልክ የትናንት መሆኑ ታወቀ። ጣጣው ዜማው ላይ ነው። «ማይ» ወረድ ብሎ ሲነሳ መግዛት፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሸጥ ነው። ለነጋዴ ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ከናይሮቢ፦ ስዋሂሊን እንዴት ረሳችሁት? እንደተጻፈ ይነበባል፣ ፊደሉም የላቲን ነው። «ኒናኩፔንዳ» አንድ ቃል ነው፤ እኛም «እወድሃለሁ» ብለን ማን ማንን እንደሚወድ በአንድ ቃል እንናገራለን። ሰዓት አቆጣጠራቸውም እንደኛ ነው፣ «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ነው። የሚያደክመው የስሞቹ ምድብ ነው። ሰው «ምቱ»፣ ሰዎች «ዋቱ»፣ ዕቃ «ኪቱ»፣ ዕቃዎች «ቪቱ»፣ ቅጽሉም አብሮ ይለወጣል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከውጭ የሚመጡት ደንበኞቼ የሚበዙት ሱዳኖች ናቸው፣ ስለዚህ አረብኛ ልጀምር። እህቴ ከጅዳ፣ የናንተን ሰፈር አረብኛ ልማር ወይስ የሱዳኑን?

ከጅዳ፦ የሱዳኑን ያዝ፣ የምታወራው ከነሱ ጋር አይደል? መጀመሪያ ቁጥር ብቻ አጥና፣ ከዚያ «በካም?» ማለት ስንት ነው ማለት ነው። ፊደሉን ከሁለት ወር በኋላ ጀምር። ነገ የሚመጣ ደንበኛ ካለ ዛሬ ማታ ከአንድ እስከ አሥር ጨርሰህ እደር።