ሳይኮሎጂ ደረሰኝ፣ ልግባበት?

የፈረንጅ አራዳው (የጅማ ሰፈር) ልጅ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሼ ሳይኮሎጂ ደረሰኝ። አባቴ ቡናውን ፉት እያለ «እና የሰው ሐሳብ ልታነብ ነው?» አለኝ። እኔ የሞላሁት ሒሳብ ሸሽቼ ነበር። ስታቲስቲክስ አለው የሚሉት እውነት ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦ አታመልጠውም ወንድሜ! ጀርመናዊው የሳይኮሎጂ ሊቅ ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ከተማ ላብራቶሪ የከፈተው እኮ ሊለካ ነው። እኔን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው) አስለቅሶኛል። አሁን ግን መጠይቅ ሰብስቤ ቁጥሩ ሲናገር ደስ ይለኛል። ሐሳብ ማንበብ የለም፣ ለአባትህ ንገራቸው።

ተመራቂዋ፦ መድኃኒት ማዘዝም የለም፣ እሱ የሳይካትሪስት፣ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ካውንስለር ነኝ። ትናንት አንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት እርሳስ ሲቀርጽ ቆየ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ዝም ብሎ መጠበቅ ትችላለህ?

የፈረንጅ አራዳው ልጅ፦ እሱስ አያቅተኝም። በቃ፣ ካልኩሌተር ልግዛ።