የክረምቱ ጉባኤ የጋራ ፕሮፖዛል፦ የወባ ጂኖም ስልጠና

አስተባባሪ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጉባኤው ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ልንሰጠው ያሰብነው የተግባር ስልጠና ረቂቅ ይኸውና። ቀኑ ሐምሌ 20 እና 21 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 27 እና 28 ማለት ነው። 30 ሰልጣኞች፣ አራት ርእሶች፦ የሰው ጂኖም (ሙሉው የዲኤንኤ መረጃ)፣ አርኤንኤ፣ የባክቴሪያ ጂኖም፣ የፕሮቲን ቅርጽ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የጎንደር አባል፦ አራት ርእስ በሁለት ቀን አይሆንም፤ ሰልጣኙ ሁሉንም ቀምሶ አንዱንም ሳይጨብጥ ይመለሳል። የሰው ጂኖም 3.1 ቢሊዮን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው። አርኤንኤውን ስታር በሚባለው ሶፍትዌር አላይን እናድርግ (ከጂኖሙ ጋር እናዛምድ) ብንል ኢንዴክሱ (የጂኖሙ መፈለጊያ ማውጫ) ብቻ 30 ጊጋባይት ያህል ራም ይፈልጋል፤ የልጆቹ ላፕቶፕ ግን 4 ወይም 8 ነው። በምትኩ ወባን ብቻ እንያዝ፤ የወባው ጥገኛ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም 23 ሚሊዮን ቤዝ፣ 14 ክሮሞሶም ነው። ከዚያም 13ኛውን ብቻ እንውሰድ፤ 2.9 ሚሊዮን ቤዝ ገደማ ነው። በ30 እጥፍ ሽፋን (እያንዳንዱ ቤዝ በአማካይ 30 ጊዜ ሲነበብ)፣ ባለ 150 ቤዝ ሪድ (ማሽኑ ያነበበው ቁራጭ) 580 ሺህ ሪድ ይደርሰናል። ይህን ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል።

የስቶክሆልም አባል፦ 13ኛውን መምረጥዎ ትክክል ነው፤ ኬ13 ጂን ያለው እዚያ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ናሙናዎች የተገኘውንና የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የተያያዘውን አር622አይ ሚውቴሽን ሰልጣኞቹ ራሳቸው ፈልገው ያግኙት። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጂኑ የሚነበበው ከተቃራኒው የዲኤንኤ ገመድ ነው። በጂኑ ቁጥር 1865ኛው ቤዝ ከጂ ወደ ቲ ተቀይሮ ኤጂኤ የነበረው ኮዶን (ባለ ሦስት ቤዝ ኮድ) ኤቲኤ ይሆናል። ቪሲኤፉ (የተገኙት ለውጦች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ግን ያው ለውጥ በክሮሞሶሙ ቁጥር 1725133 ላይ፣ ከሲ ወደ ኤ ተብሎ ነው የሚታየው። እዚያ «ከጂ ወደ ቲ» የሚል የሚፈልግ ሰው «ናሙናው ንጹሕ ነው» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ አንድ ሙሉ ሰዓት ይመደብልኝ፤ ሌላው ቢያጥር ይጠር።

ሁለተኛው ወጥመድ፦ ለውጦቹን የሚለየው ሶፍትዌር ቢሲኤፍቱልስ ካልተነገረው ሁሉንም ባለ ሁለት ቅጂ አድርጎ ይወስዳል። በሰው ደም ውስጥ ያለው ጥገኛ ግን ባለ አንድ ቅጂ ስለሆነ ፕሎይዲ (የቅጂ ብዛት) 1 መባል አለበት። አንድ ታካሚ ሁለት ዓይነት ጥገኛ ይዞ ሊመጣም ይችላል። ስለዚህ በቦታው ስንት ሪድ ለውጡን እንደሚያሳይ ቁጥሩ ይታይ።

የጅማ አባል፦ በስልጠናው ሰዓት ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር አይኑር። 30 ሰው አንድ ላይ ማውረድ ሲጀምር ጠዋቱ እዚያው ያልቃል። ሶፍትዌሩም ዳታውም በፍላሽ ይታደል። ፍላሹ በኤግዝፋት ፎርማት ይደረግ፤ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ዊንዶውስ ላይ ሊነክስን በደብሊውኤስኤል የሚያስነሳ ሰው ቨርቹዋላይዜሽን ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ መከፈቱን ቀድሞ ያረጋግጥ። ለማይሆንላቸው ደግሞ 16 ኮር እና 64 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ሰርቨር አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ፤ በብራውዘር ይገባሉ። ክረምት ስለሆነ መብራት መቆራረጡ አይቀርም፤ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ ስዊቹንም ይያዝ። ስዊቹ ከጠፋ ሰርቨሩ ቢሠራም የሚደርስበት የለም።

ደግሞም የናሙና ሰንጠረዡን ኤክሴል ላይ ከፍተው ሴቭ እንዳያደርጉ መመሪያው ላይ ይጻፍ። ኤክሴል ማርች1 የሚባለውን የሰው ጂን ቀን እያደረገ ስላስቸገረ ስም አውጪው ኮሚቴ በ2020 ስሙን ማርችኤፍ1 ብሎ እስከ መቀየር ደርሷል።

የጤና ምርምር አባል፦ ከታካሚ ደም የሚወጣ ሪድ ውስጥ የሰው ዲኤንኤ አለ። ፍላሽ ላይ ከመገልበጡ በፊት ከሰው ሪፈረንስ ጂኖም ጋር ተነጻጽሮ የሰው የሆነው ይውጣ። የተሻለው ግን የወባ ጂኖም ጥናት ትብብሩ ማላሪያጄን ለሕዝብ ከለቀቀው ዳታ መውሰድ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ የሌለው ናሙና ከገባ ፕሮፖዛሉ ላይ አልፈርምም።

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ። ርእሱ አንድ ሆነ፤ ሰልጣኞቹን ወደ 24 አወርዳለሁ፣ ለስድስት ሰው አንድ ረዳት አሰልጣኝ። ዳታው የሕዝብ ብቻ ይሆናል፤ የኬ13ቱ ሰዓት በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ይገባል። የቀረን አዳራሹ ነው። በሐምሌ የኮምፒውተር ክፍሎቹን የክረምት ተማሪዎች ይይዟቸዋል። የአዲስ አበባ አባላት፣ ክፍሉን ስታዩ የሶኬቱን ብዛት ቆጥራችሁ ላኩልኝ፤ ስንት ዲቫይደር እንደምንገዛ በጀቱ ላይ የማስገባው በዚያ ነው።