ከደብረ ብርሃን በአንኮበር በኩል እስከ አልዩ አምባ ሳይጣደፉ ለመጓዝ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከጥምቀት በኋላ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ መኪና ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ቁልቁለቱን ወርደን እስከ አልዩ አምባ ለመጓዝ አስበናል። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ አንኮበር ደርሼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፎቶግራፍ አንስቼ በዚያው ቀን ስለተመለስኩ፣ አገሩን አየሁት ለማለት አልደፍርም። አሁን በየደረስንበት እያረፍን፣ ጠላ ቤት ስናገኝ ጎራ እያልን፣ ከአገሬው ሰው ጋር እየተጨዋወትን መሄድ እንፈልጋለን። ስንት ቀን ይበቃናል? የትስ ብናድር ይሻላል?

መልስ፦ ከአንኮበር
ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ያዙ። እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጉሙ ነው። የሸዋ ደጋ ተቆርጦ ወደ ቆላው የሚወርደው እዚህ ስለሆነ፣ ከታች የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና መንገዱን በአንድ ጊዜ ይሸፍነዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአልዩ አምባ ስመለስ ጉም ይዞኝ፣ ረዳቱ ከመኪናው ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ በእጅ ባትሪ እያሳየ፣ በእግሩ እየመራን ነው የደረስነው። ስለዚህ መውረዱንና መውጣቱን በአንድ ቀን አታድርጉት።

የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ለደጋው ስጡት። መሸት ሲል ከገደሉ አፋፍ ዳር ቁጭ ብትሉ፣ ሣር ሲነጩ የዋሉት ጭላዳዎች ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርዱ ታያላችሁ። በደጁ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካያችሁ፣ እዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። ባለቤቲቱ ከጋኑ ስትቀዳ በቅድሚያ ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። ለሹፌራችሁ ግን አደራ የምለው፣ መኪናው ለሌሊቱ ከቆመ በኋላ ብቻ እንዲጠጣ ነው። አንኮበር እደሩ፤ ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ አይለያችሁ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሁለተኛውን ቀን በሚመለከት ግን የምጨምረው አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ቅፍለት (የነጋዴ ግመሎች ጓዝ) ከተራራው ግርጌ ባለችው ፋሬ ላይ ግመሉን አራግፎ፣ ጭነቱን ለተሸካሚና ለአህያ ያስረክብ ነበር፤ አልዩ አምባም የሲራራ ነጋዴ የሚሰበሰብባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ የወጣውም በዚሁ አቅጣጫ ነው። ለሸዋ ነገሥታት ባሕር የሌላት ወደብ ነበረች ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ስለዚህ አልዩ አምባን ለምሳ ብቻ አትለፏት፤ ሁለተኛውን ሌሊት እዚያ እደሩ፤ ማደሪያውን ግን ከመውረዳችሁ በፊት አንኮበር ላይ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠላውና አረቄው የደጋው ነው። ታች ብዙው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ፣ ጨዋታው የሚደራው በቡና ነው፤ አቦሉ ላይ ደርሳችሁ በረካው ሳይቀዳ ብትነሱ ግን ቅር ይላቸዋል። አንኮበር ላይ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ በማለዳ ውጡት። ከአፄ ምኒልክ ግቢ የቀረው ጥቂት የግንብ ቅሪት ነው፤ ሆኖም ሰማዩ ከጠራ፣ ንጉሡ የቅፍለቱን መምጫ ከዚያ ሆነው ለምን ይጠብቁ እንደነበር ዓይናችሁ ይነግራችኋል።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሦስት ቀን ይዘናል። መምህር፣ ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ በጥንቱ የእግር መንገድ መውረድ ይቻላልን?

መልስ፦ ከአንኮበር
ይቻላል፤ ሆኖም መንታ መንገዱ ብዙ ስለሆነ የአካባቢውን ሰው መሪ ያዙ። ሁለታችሁ በእግር ውረዱ፤ ሦስተኛው መኪናውን ይዞ ቀስ ብሎ ይምጣ፤ ቡናውን አስፈልቶ ይጠብቃችሁ።