የኪራይ ጭማሪን በዋጋ ኢንዴክስ እንዴት እናስላ?

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በተከራየኋት ትንሽ ቤት ዓሣ እየጠበስሁ እሸጣለሁ። ውላችን «ኪራዩ በየዓመቱ በሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ልክ ይጨምራል» ይላል፤ ኢንዴክሱ ሸማቾች የሚገዟቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዋጋ በአማካይ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው። አከራዬ ኢንዴክሱ ለምሳሌ ከ250 ወደ 300 ከወጣ 50 በመቶ ጨመረ ባይ ናቸው። እኔ ልዩነቱን ለመነሻው ለ250 ሳካፍለው ግን 20 በመቶ ብቻ ይሆናል። ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። እንደ አባት የማያቸው ሰው ስለሆኑ በገንዘብ መቀያየም አልፈልግም፤ እንዴት ላስረዳቸው?

ደግሞም የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ኢንዴክሱን የምግብ፣ ምግብ ነክ ያልሆነና አጠቃላይ ብሎ ለይቶ ያወጣል። ከዓምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የተነጻጸረው ጭማሪና የ12 ወራት አማካዩም አንድ አይደሉም። ውሉ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ ያለ ውል የገጠማችሁ የትኛውን ያዛችሁ? የምናድሰው በጥቅምት ነው።