በአዋሽ ፓርክ የሁለት ሌሊት ቆይታ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የድሬዳዋ ማኅበራችን አባላት፣ ረቂቁን እንድታርሙት አቅርቤአለሁ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በወንዙ ዳር ባለው የግራር ጥላ ሥር ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ በመካከሉ ባለው ቀን ፈንታሌ ተራራ ወጥተን የእሳተ ገሞራውን አፍ እናያለን። መብራትም የሚጠጣ ውሃም እንደሌለ ቆጥረን እንዘጋጅ።

አባል፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፦ በዚያ መስመር ለዓመታት ስመላለስ ከፓርኩ ጎን ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ውሃው ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ እየተጠጋ በመምጣቱም መደልደያውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኖ ነበር። በሐይቁ አጠገብ የተዘረጋው ጥቁር አለት ደግሞ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከተራራው ደቡባዊ ጎን ተሰንጥቆ የፈሰሰ ነው። ወጣቶቻችን ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያዩ እንዲመለሱ አልሻም፤ ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ በስም ይጻፍልኝ።

አባል፣ ነርስ፦ አባታችን ያነሡትን እደግፋለሁ፤ ወደ ተራራው አፍ መውጣቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት የዘለቀውን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በየካቲትም መጠኑ 6.0 የደረሰውን፣ በአፋርና በኦሮሚያ ከቀያቸው የተነሡትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆች ይዘን ገደሉ ጫፍ ላይ መቆም አይገባንም። ወንዙ አዞ አለበትና ልብስ ለማጠብ እንኳ ማንም ወደ ውሃው እንዳይወርድ፣ አካባቢው ወባማ ቆላ በመሆኑም ለእያንዳንዱ ድንኳን አጎበር እንዲያዝ በግልጽ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ እኅታችን ያሉት ትክክል ነው፤ መውጣቱን ሰርዤአለሁ። ተራራውን ከሜዳው ሆነን፣ ሳላዎቹ ከሚግጡበት ሣር ማዶ እናየዋለን፤ ከጉዟችን ሳምንት በፊትም የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ መሬቱ ሁኔታ ጠይቀን፣ መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ ጉዞውን እንተወዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ በታኅሣሥ መጨረሻ ለመሄድ የታሰበው አይሆንም። ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል መንገዱ ይጨናነቃል፣ የመኪና ኪራይም ይወደዳል። ከጥምቀት በኋላ ቢሆን አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ምድሩም ደረቅ ስለሚሆን ይሻላል። በጭሮና በሚኤሶ በኩል ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ብንነሣ ድንኳኑን በቀን ብርሃን እንተክላለን። ለጥበቃ የሚመደብልንን ስካውት አበልና የመግቢያ ክፍያውን ከአባላት መዋጮ ለይቼ አቀርባለሁ።

አባል፣ የምግብ ዝግጅት ኃላፊ፦ በፓርኩ እንጨት መቁረጥ ስለማይገባ ቡታ ጋዝ ይዘን እንሂድ። ድርቆሽ፣ ቋንጣና በሶ ከቤት ይዘጋጃል። ምግቡ ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ዝንጀሮዎቹ ድንኳን ውስጥ ገብተው ይወስዳሉና። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ይያዝ። ጀሪካኖቹን ከእኔ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል።

ጸሐፊ፦ የታረመውን ረቂቅ ነገ እለጥፋለሁ፤ የበሰቃውን አንቀጽ አባታችን በቃላቸው ቢነግሩኝ እጽፈዋለሁ።