የቡና ችግኜ ከአናቱ ቢጫ እየሆነ ነው፤ መንስኤውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ቡና ወዳድ፣ ከሙኒክ

ጤና ይስጥልኝ። በቤቴ ውስጥ ስለማሳድገው አንድ የቡና ችግኝ ምክር እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እዚህ አገር የቡና ችግኝ በአበባ መሸጫ ሱቆች የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በርካታ ቀጫጭን ችግኞች በአንዲት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ተጨናንቀው ይሸጣሉ። እኔም ከመካከላቸው ጠንካራ የመሰለኝን ነጥዬ፣ በተለመደው የአበባ አፈር በተሞላ ጥልቅ ማሰሮ ለብቻው ተከልሁት። ከሱቅ ሲመጣ የነበሩት ቅጠሎች እስካሁን ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአንዳንዶቹ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከተከልሁት በኋላ የወጡት የላይኞቹ ሁለት ጥንድ ቅጠሎች ሁኔታ ነው፤ ሲዘረጉ ጀምሮ ቢጫ ሲሆኑ፣ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ መረብ መስሎ ቀርቷል።

ችግኙ የተቀመጠው በመስኮት አጠገብ፣ ከማሞቂያው በላይ ነው። የክረምቱ ቀን አጭር ስለሆነ ከአናቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሰቀለ የኤልኢዲ መብራት በቀን ለ18 ሰዓት ይበራለታል። የማጠጣው የቧንቧ ውኃ ነው። መንስኤው መብራቱ ይሁን፣ ውኃው፣ የምግብ እጥረት፣ ወይስ ስነጥለው የደረሰበት የሥር ጉዳት መለየት አልቻልሁም። ልጆቼ ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው፤ በቤታችን በየዕለቱ የሚፈላው ቡና ከምን ዓይነት ዛፍ እንደሚገኝ በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁና ይህ ችግኝ እንዲተርፍልኝ ከልቤ እመኛለሁ።

ምላሽ፦ የጓሮ አትክልት፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የቅጠል ቢጫ መሆን በአብዛኛው የምግብ እጥረት ምልክት ስለሆነ ናይትሮጂን ያለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ ቢጨምሩለት ይበጀዋል ብዬ አስባለሁ። የቡና አተላም ሳይጥሉ በአፈሩ ላይ ቢያደርጉት ቡና የሚወደውን አሲዳማነት ይሰጠዋል ይባላል።

ምላሽ፦ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፣ ከጅማ

ለጠያቂውም ለመላሹም ሰላምታዬ ይድረስ። ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ቢጫው ከየት እንደጀመረ መመልከት ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱ ችግር በችግኝ ጣቢያ ሲያጋጥም አስቀድመን የምናጣራው ምልክቱ በአሮጌው ቅጠል ላይ ነው ወይስ በአዲሱ የሚለውን ነው። ናይትሮጂን በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ እጥረት ሲኖር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ቀድመው የሚገረጡት የታችኞቹ ቅጠሎች ሲሆኑ፣ የሚገረጡትም ከነጅማታቸው በሙሉ ነው። ማግኒዥየምም እንደዚሁ ከታች ይጀምራል፤ የእርሱ መለያ ግን ቢጫው በጅማቶቹ መካከል መታየቱ ነው። ብረት በተቃራኒው አንድ ጊዜ ከገባበት ቅጠል በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህ እጥረቱ የሚታየው ገና በሚወጣው ቅጠል ላይ ሲሆን፣ መልኩም እርስዎ እንደገለጹት ቢጫ ገጽ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መረብ ነው። የእርስዎ ችግኝ የታች ቅጠሎች ጥቁር አረንጓዴ ከሆኑ የናይትሮጂን ረኃብ አለበት ለማለት አያስደፍርም። ያለ ፍላጎቱ ማዳበሪያ ቢጨመርበት በአፈሩ ውስጥ ጨው ይከማችና የቅጠሉን ጫፍ ይበልጥ ያደርቀዋል።

የቡና አተላን በተመለከተ፣ አሲዱ አብዛኛው በመፍላት ጊዜ ከውኃው ጋር ስለሚወጣ የቀረው ዝቃጭ የአፈርን አሲዳማነት ያን ያህል አይለውጥም። በማሰሮ ላይ ሲደረግ ደግሞ ሻጋታና ጥቃቅን ዝንቦች ይራቡበታል። በጓሮ ብስባሽ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲበሰብስ ግን ጥሩ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ያቆዩት።

መብራቱ አንድ ጥርጣሬ ያሳድርብኛል። ቡና በተፈጥሮው የደን ጥላ ተክል ነው፤ እኛም ችግኝ የምናፈላው በዳስ ሥር ሲሆን፣ ጥላውን የምናነሳው ችግኙ ወደ ማሳ ሊወጣ ሲቃረብ ቀስ በቀስ ነው። ቀኑም በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ 18 ሰዓት ለዚህ ተክል ከልክ ያለፈ ነው። በብርሃን ብዛት የገረጣ ቅጠልን ከብረት እጥረት ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ከላይ ያለ ቅጠል ጥላውን የጣለበትን የታችኛውን ቅጠል ክፍል ይመልከቱ፤ ጥላ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ለመብራቱ የተጋለጠው ብቻ ከገረጣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ቢጫው ጥላን ሳይለይ እኩል ከተሰራጨ ግን ወደ ብረቱ ያመለክታል።

እንዲሁም ሁሉም የቀለም ለውጥ በሽታ እንዳልሆነ መናገር እወዳለሁ። በአገራችን የቡና ዓይነቶች መካከል ገና የሚወጣው ቅጠላቸው አረንጓዴ የሆነም፣ ነሐስ የመሰለ መልክ ያለውም አሉ። ነሐሱ ቅጠሉ ሲበስል ወደ አረንጓዴ የሚለወጥ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያለ ምክንያት ይደነግጣል።

ሥሩ ሲነጠል ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ተክሉ በሙሉ ይጠወልግ ነበር እንጂ አናቱ ብቻ ተለይቶ ቢጫ አይሆንም። ይሁን እንጂ በተከላ ጊዜ ዋናው ሥር ተቆልምሞ ከሆነ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ችግኙ ለጊዜው ያደገ ይመስልና ኋላ ላይ ይቀጭጫል። የሚከተሉትን ቢነግሩን መልሱ ይበልጥ ይጠራል፦ አፈሩ ጣት ሲገባበት ምን ያህል ይረጥባል? በማሰሮው አፍና በአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ? ከቅጠሉ ጀርባስ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ወይም ቀጭን ድር ይታያል?

ጠያቂው፦ ቡና ወዳድ፣ ከሙኒክ

ለሰጡኝ ሰፊ ማብራሪያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጥላ የተሸፈነውን ክፍል ተመልክቻለሁ፤ በላይኞቹ ቅጠሎች ላይ ቢጫው በጥላም ውጭም አንድ ዓይነት ነው። ከእነርሱ በታች ባለው ጥንድ ላይ ግን ለመብራቱ የተጋለጠው ግማሽ ከተሸፈነው ይልቅ ትንሽ ገርጥቷል። በአፈሩ ገጽና በማሰሮው አፍ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት አለ። አፈሩ ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ ጣቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ግን በጣም እርጥብ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ ጥጥም ድርም አላየሁም። በወረቀት መለኪያ ከማሰሮው ሥር የፈሰሰውን ውኃ ስመዝን ፒኤች (ከ7 ሲያንስ አሲዳማነትን የሚያሳየው መለኪያ) 7.5 አካባቢ አሳይቷል።

ምላሽ፦ የግሪንሃውስ ሠራተኛ፣ ከቤርሼባ

ሻሎም፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህ እኛ እዚህ ዘወትር የምንታገለው ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። 7.5 ለቡና ከፍ ያለ ነው፤ ቡና የሚስማማው ከ5 እስከ 6 አካባቢ ያለ አሲዳማ አፈር ነው። የሙኒክ ውኃ ኖራ የበዛበት እንደሆነ ይታወቃል፤ ጀርመን ውስጥ ከ14 የጥንካሬ ዲግሪ (የኖራ መጠን መለኪያ) በላይ የሆነ ውኃ ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። እንዲህ ያለ ውኃ በየጊዜው ሲጠጣ ኖራው በማሰሮው ውስጥ ይከማቻል፤ በነጭ ቅርፊት መልክ የሚያዩትም እርሱው ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር፣ ብረት በአፈሩ ውስጥ ባይጠፋም እንኳ ኖራ ሲበዛ ሥር ሊወስደው በማይችለው መልክ ታስሮ የሚቀር መሆኑ ነው። እርጥበት የበዛበትና አየር ያነሰው አፈር ደግሞ ይህንኑ ያባብሰዋል። ስለዚህ የሚስማር ዝገት በአፈር ውስጥ መቅበር፣ አንዳንዶች እንደሚመክሩት፣ ምንም አይፈይድም፤ እርሱም በዚያው መንገድ ይታሰራል።

እኛ ዘንድ አቮካዶና ብርቱካን ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ቢጫ ሲሆኑ ብረቱ በኬሌት መልክ፣ ማለትም እንዳይታሰር በሚጠብቀው ውህድ ተይዞ ይሰጣል። ሲገዙ የኬሌቱን ዓይነት ማየት አይዘንጉ። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን ይዞ መቆየት ይሳነዋል፤ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ግን ኖራ በበዛበትም ይሠራል። መልኩ ቀይ ዱቄት ስለሆነ ልብስና ወለል እንዳያቀልም ይጠንቀቁ፤ መጠኑንም በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አያሳልፉ።

ኬሌቱ ግን ጊዜ መግዣ ብቻ ነው፤ ውኃው ካልተለወጠ ችግሩ ይመለሳል። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ከቻሉ ከሁሉ ይሻላል። ካልቻሉ ውኃውን አፍልተው አቀዝቅዘው፣ ኖራው ከታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድተው ያጠጡ። ውኃን በባልዲ አሳድሮ መጠቀም ክሎሪንን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ኖራውን አያወጣም። በጨው ከሚሠራ የቤት ማለስለሻ የወጣ ውኃ ደግሞ በኖራው ምትክ ሶዲየም ስለሚይዝ ለተክል ፈጽሞ አይስማማም።

ምላሽ፦ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፣ ከጅማ

ከቤርሼባ በተሰጠው ምላሽ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያዩት ነገር ሁለት መንስኤ እንዳለ ያሳያል፤ ዋናው የብረት መታሰር ነው፣ መብራቱም በተጨማሪ ጫና እያሳደረ ነው። ደረቁ የቅጠል ጫፍ ከማሞቂያው ደረቅ አየርም ከተከማቸው ጨውም ሊመጣ ስለሚችል፣ ማሰሮውን ከማሞቂያው ላይ ያንሱት፤ ሌሊት ከቀዝቃዛው መስታወት ጋር እንዳይነካካም ይጠንቀቁ።

በመጀመሪያ መብራቱን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በቀን 12 ሰዓት ብቻ ያብሩ፤ ይህ ወጪ የሌለውና ጉዳት የማያስከትል ስለሆነ ዛሬውኑ ሊደረግ ይችላል። ከዚያ ውኃውን ይለውጡ፤ አፈሩ ወደ ውስጥ እስከ ሁለት ጣት ውፍረት ሳይደርቅም እንደገና አያጠጡ። ኬሌቱን ከሰጡ በኋላ ሌላ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተደረገ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም። አፈሩን መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ እዚያ ሮዶደንድሮን ለሚባለው አበባ ተብሎ የሚሸጠውን አሲዳማ አፈር ከፐርላይት (አፈርን የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) ጋር ቀላቅለው መጠቀም ይችላሉ፤ ነገር ግን በቅርቡ ስለተዛወረ ሥሩን እንደገና ባያስቸግሩት እመርጣለሁ። የቤቱ ብርሃን በሚጨምርበት በጸደይ ቢያደርጉት ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ መውረዱንም አብረው ይመለከታሉ።

የደረቀው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ ቢጫዎቹም በከፊል ብቻ ሊያገግሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ በእነርሱ አይፍረዱ፣ ቆርጠውም አይጣሉ። ውጤቱ የሚታወቀው ቀጥሎ በሚወጣው ጥንድ ነው። እርሱ ጅማቱም ገጹም አረንጓዴ ሆኖ ከተዘረጋ መንገዱ ትክክል ነው ማለት ነው። አሁንም ቢጫ ሆኖ ከወጣ የፈሰሰውን ውኃ ፒኤች ዳግመኛ ለክተው፣ ከቅጠሉ ፎቶግራፍ ጋር እዚህ ያስቀምጡልን።